ኬላው ሲፈርስ ሣጥን ውስጥ የቀረው



ዛሬ የምናወራው ስለ ነገሥታት ዙፋን ሳይሆን ስለ አያቶቻችን ሣጥን ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ደምበጫ ወይም በዙሪያው ገጠር ያደጋችሁ ሁሉ አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም አይታችሁ ይሆናል። በአንድ ፊቱ ደርባባ ሴት፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ ከንስሩ ዙሪያ ደግሞ 1780 የሚል ቁጥር አለበት። አያታችሁ «ጠገራ ነው፣ አትጫወቱበት» ብለው ከእጃችሁ ተቀብለው ይሆናል። ምናልባት እሱ ራሱ ቀልጦ የቅድመ አያታችሁ አልቦ ሆኖ ይሆናል። ወይም ጓዳ ውስጥ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አሮጌ የከብት ቀንድ አለ፤ ለምን እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም፤ የሚጥለውም የለም።

እነዚህ ተራ የሚመስሉ ዕቃዎች የአንድ የፈረሰ ድንበር ቅሪቶች ናቸው። ያ ድንበር ኬላ ይባላል። ዛሬ ስለ ኬላው፣ ኬላውን በእግራቸው ሲያቋርጡ ስለኖሩት ሰዎች እና ከእነሱ እጃችን ላይ ስለቀረው ነገር እናወራለን። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬላ ምን ነበር?

ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ተነስታችሁ በሚኒባስ ቡሬ ለመግባት ግማሽ ሰዓት ግድም ይበቃችኋል። ከቡሬ ደግሞ አንዱ አስፋልት ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ቁልቁል ወደ ዓባይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ነቀምት ያደርሳል። የጫናችሁት በርበሬ ወይም በቆሎ ቢሆን ሹፌሩ የሚያስበው ስለ ነዳጅና ስለ ጎማ ነው።

ለቅድመ አያቶቻችን መንገዱ እንዲህ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከምፅዋ ወይም ከጎንደር ተነስቶ በደሪጣ አድርጎ ጎጃም ይገባል፤ የጎጃም ትልቁ ገበያ ባሶ ይደርሳል። ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ፣ አልፎም የሊሙ እናርያ ገበያ ወደነበረችው ሰቃ ይዘልቃል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ቡሬ ከወለጋ የሚመጣው ንግድ መተላለፊያ ነበረች። ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ሰሜን ይወጣል። ሰውም ይነዳ ነበር፤ ወደዚህ እንመለስበታለን።

በዚህ ረጅም መንገድ ላይ በየወንዙ መሻገሪያ፣ በየተራራው በር፣ በየገበያው መግቢያ ኬላ አለ። ኬለኛው ጭነት ይቆጥራል፤ ነጋዴው በአሞሌ ወይም በብር ይከፍላል፤ ካልሆነም ከጫነው ላይ ይቆረጥበታል። ቀረጡ የሚገባው ለዚያው አካባቢ ገዢ ስለሆነ አንዱ ኬላ ላይ የከፈለ ሰው ሌላው ኬላ ላይ «ከፍያለሁ» ቢል የሚሰማው የለም። የአንዱ መስፍን ግዛት አልቆ የሌላው ሲጀምር ቀረጡም እንደ አዲስ ይጀምራል። ያው አንድ ጭነት ዕቃ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ ይቀረጣል።

በክረምት ዓባይ ሲሞላ መሻገር የለም። በበጋም ቢሆን ነጋዴው ብቻውን ወደ ዓባይ በረሃ አይወርድም፤ ጓደኛ እስኪበዛ ጠብቆ፣ በነጋድራስ እየተመራ ነው የሚሻገረው። ታች ሽፍታ አለ፤ ንዳድ አለ። ወርዶ ያልተመለሰው ስንት ነው!

ለምን «ነጋዴ» ተባልን?

በጎጃምና በጎንደር ብዙ ቦታ «ነጋዴ» ማለት ሙስሊም ማለት ነበር። ሰውየው ሸማኔ ቢሆንም እንኳ «ነጋዴ ነው» ይባላል። ስሙ ዝም ብሎ አልመጣም።

በሰሜኑ ደጋ ክፍል አብዛኛው ሙስሊም የርስት መሬት ባለቤት እንዲሆን አይፈቀድለትም ነበር። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ለሙስሊሙ የቀረው መተዳደሪያ በአብዛኛው በእግር የሚኬድበት ወይም በእጅ የሚሠራ ነበር፤ ንግድና ሽመና።

ይህን ያነሳነው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። አንድ ቀላል ነገር እንድታስተውሉ ነው። ርስት ያለው ገበሬ ለልጁ መሬት ያወርሳል። የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ለዚያ መሬት ሲል ነው፤ አባቱ ማን እንደሆነ፣ አያቱ የት እንዳረሰ ድንበሩ ይመሰክርለታል። ርስት የሌለው ነጋዴስ ምን ያወርሳል? የሚያወርሰው በበቅሎ የሚጫነውን ነው፤ ብሩን፣ ሚዛኑን፣ ቀንዱን፣ መስገጃ አጎዛውን። የገበሬው ታሪክ መሬት ላይ ነው፤ የነጋዴው ታሪክ ዕቃው ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሲጠፋ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል።

አሞሌ፦ ተበልቶ ያለቀው ገንዘብ

ከዕቃዎቹ ሁሉ ትልቁ ዛሬ ሣጥን ውስጥ የለም። አሞሌ ነው። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመል ደጋ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ጎጃም የሚደርስ፣ እንደ ሞረድ ድንጋይ የተጠረበ ጨው ነው። እንዳይፈረካከስ በልጥ ይታሰራል። የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉው አይቆጠርምና ነጋዴው እንደ እንቁላል ነበር የሚጠነቀቅለት።

በ1520 አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እዚህ ገንዘብ እንደሆነ፣ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፎ ነበር። ይህ የርቀቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሞሌ ዋጋው የሚጨምረው የተሸካሚው ድካም፣ የእንስሳው መኖና የኬላው ቀረጥ እየተደመረበት ስለሚሄድ ጭምር ነው። ዓባይ ማዶ የሚገኝ ሰው አንድ አሞሌ ሲገዛ በመንገዱ ላይ ላለው ኬለኛ ሁሉ እየከፈለ ነበር።

አሞሌ ለምን አልቀረልንም? ስለተበላ ነዋ! ገንዘብነቱ ሲያበቃ ወጥ ውስጥ ገባ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ይባል የለ? ይህ ምሳሌ ለሌሎቹም ዕቃዎች ይሠራል። ጣዕማቸው ታሪካቸው ነው። ታሪኩን የሚናገር ሰው ከሞተ ዕቃው ድንጋይ ነው፤ ይጣላል።

ጠገራ፦ ዓመቱን የማይናገር ብር

ወደ ጠገራው እንመለስ። ፊቱ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። 1780 የሞተችበት ዓመት ነው። 28 ግራም ግድም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያው መልክ፣ ያው 1780 እየተቀረፀበት መታተሙ አልቆመም፤ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለ ነጋዴ ሌላ አልቀበልም አለ። የኛ ሰው ጠገራ ሲቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ ይዳስስ ነበር። ነጠብጣቡ ከጠፋ «ይህ አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ አሳትመው እንኳ ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም።

ታዲያ ቡሬ ውስጥ አንድ ሣጥን ውስጥ ያለ ጠገራ ከየት መጣ? ሳንቲሙን ብትጠይቁት 1780 ይላችኋል። እውነቱ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። ምናልባት በ1850ዎቹ ቡና ተሽጦበት ከምፅዋ የመጣ ነው። ምናልባት ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ በ1935 ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተረክቦ ሮም ላይ ካሳተመው አንዱ ነው። ወይም ደግሞ በመጋቢት 1941 ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ ከሱዳን ተነስቶ በጎጃም በኩል የገባው የጌዴዎን ጦር በግመል ጭኖ ካመጣው ነው። ግመሎቹ ደጋውን አልቻሉትም፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መልኩ መንገድ ላይ አለቁ። ጭነታቸው ግን ቀረ።

የአርበኛ ደመወዝ፣ የባንዳ ጉርሻ፣ የነጋዴ ላብ ሁሉም ላይ ያለው ያው አንድ ሴት ነች፤ ያው አንድ ዓመት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሊነግራችሁ የሚችለው ሳንቲሙ ሳይሆን ሳንቲሙን ያስቀመጠው ሰው ነው። እሱ ደግሞ እየሞተብን ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራ ከመገበያያነት ወጣ። ብዙው ወደ አንጥረኛ ሄደ፤ አልቦ፣ ድሪ፣ ጉትቻ ሆነ። ለሠርግ የተሞሸረች ሙሽራ እግሯ ላይ ያደረገችው የባሏ አያት በስንት ኬላ ያሳለፈው ብር ሊሆን ይችላል።

ቀንዱስ?

ቀንዱ የዝባድ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ዝባድ ከጥርኝ የሚወሰድ፣ እንደ ቅባት ወፍራም የሆነ፣ አውሮፓውያን ለሽቶ ሥራ የሚፈልጉት ነገር ነው። ነጋዴው በከብት ቀንድ ሞልቶ፣ አፉን በቆዳ አስሮ ነው የሚይዘው። ለምን ቀንድ? አይሰበርም፤ አያፈስም፤ ጭነት ውስጥም ብዙ ቦታ አይዝም። ትንሽ ሆኖ ውድ የሆነ ነገር ደግሞ ለኬላ መንገድ ተስማሚ ነው።

ቤታችሁ ያለው ቀንድ የማር ጠጅ መጠጫ ዋንጫም ሊሆን ይችላል፤ ቀንድ ሁሉ የዝባድ አይደለም። ግን የአባታችሁ አያት ነጋዴ ከነበሩ፣ ቀንዱን ከምሰሶው አውርዳችሁ አሽቱት። ከዚያ ለትልልቆቹ «ይህ ምን ነበር?» በሏቸው።

ኬላው እንዴት ፈረሰ?

ኬላ እንደ ግንብ በአንድ ሌሊት አልፈረሰም። ጎጃምን እስከ 1932 የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ የንግድ ቀረጥም ከሀብታቸው ምንጮች አንዱ ነበር። እሳቸው ከሥልጣን ተነስተው ራስ እምሩ ሲሾሙ የጎጃም ገቢ ወደ መሀል መንግሥት እጅ መሳብ ጀመረ። ጉምሩክ የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ መኪና መንገድ ወጣ፤ ጭነት ከበቅሎ ወደ ካሚዮን ተዛወረ። በየወንዙ ቀረጥ የሚቀበለው ኬለኛ ቀስ በቀስ ጠፋ። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ የጎጃምን ንግድና ፖለቲካ ያጠኑት በዚሁ ዘመን ላይ ነው፤ ታሪክ የምትማሩ ወጣቶች ፈልጋችሁ አንብቡላቸው።

ሌላውም ኬላ፣ በሰው መካከል የቆመው፣ በተራው ተነቃነቀ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ እኩልነት ጠይቆ ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሙስሊሙ ገበሬም እንደ ጎረቤቱ መሬት ደረሰው። ሙስሊሙ ከዚያ ወዲያ «ነጋዴ» ብቻ ለመሆን አልተገደደም።

የማንኮራበት ነገር

አሁን ቅድም እንመለስበታለን ያልነው ጋ ደረስን። ወንድም እህቶች፣ ታሪክን ስንናገር የሚጣፍጠውን ብቻ መርጠን ብንናገር ዋሸን ማለት ነው።

በእነዚያ ኬላዎች ላይ ቀረጥ ከሚከፈልባቸው «ዕቃዎች» መካከል ሰው ነበረበት። ከዓባይ ማዶ የተማረኩ፣ የታፈኑ፣ ከእናታቸው የተነጠቁ ሕፃናት በባሶና በሌሎች ገበያዎች ተሽጠዋል። የማረካቸውና ቀረጡን የበላው መኳንንት ብዙው ክርስቲያን ነበር፤ ነድቶ የሸጣቸው ነጋዴ ብዙው ሙስሊም ነበር። አንዱ በሌላው ላይ ጣት ቢቀስር የልጆቹ እንባ አይደርቅም። ባርነትን በሕግ የከለከለው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎችን የሚያውቅ አዛውንት ዛሬም አይጠፋም።

ስለዚህ ያ ሣጥን ውስጥ ያለው ጠገራ የቡና ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ዋጋም ሊሆን ይችላል። ሱብሓነላህ! ይህን ማወቅ አያቶቻችንን ለመሳደብ አይደለም። አላህ ይዘንላቸው፤ ሥራቸውን የሚመዝነው እሱ ነው። የኛ ፈንታ ሌላ ነው። ዛሬም ለጋብቻ ሲመጣ «ዘሩ ምንድን ነው?» ብሎ የሚያጣራ፣ በንዴት ጊዜ ሰውን «ባሪያ» ብሎ የሚሳደብ አለ። ያ ቃል የኬላው የመጨረሻ ቅሪት ነው። ከሣጥኑ ዕቃዎች ሁሉ አውጥተን ልንጥለው የሚገባው እሱን ነው።

በርሊን እና ሌላዋ ቡሬ

ኅዳር 9 ቀን 1989 የበርሊን ግንብ ሲከፈት ሕዝቡ መዶሻና መሮ ይዞ ወጣ። 28 ዓመት ቤተሰብ ከቤተሰብ የለየውን ግንብ እየቆረቆረ ስባሪውን በኪሱ ከተተ። የታወቀው የፍተሻ ጣቢያ ኬላ ቤት ሳይቀር በቀጣዩ ዓመት ተነስቶ በኋላ ሙዚየም ገባ። ዛሬ ያ የሲሚንቶ ስባሪ በዓለም ዙሪያ በሰው ቤት መደርደሪያ ላይ አለ። ተራ ሲሚንቶ ነው፤ ግን ባለቤቱ «ይህ አያቴን ከእህቷ የለየው ግንብ ነው» ይላል። ስባሪው ዋጋ ያገኘው በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የኛ ጠገራ ከዚያ ሲሚንቶ በዕድሜ ይበልጣል፤ የጎደለው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ሌላም አለ። የኛዋን ቡሬ የሚያውቅ ሁሉ በአፋር በኩል፣ በአሰብ መንገድ ላይ፣ ሌላ ቡሬ መኖሯን አያውቅ ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት በዚያችኛዋ ቡሬና በዛላምበሳ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ተከፈተ። ለ20 ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። ከወራት በኋላ ግን ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። ኬላ ፈረሰ ሲባል ለዘለዓለም ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ሰው ከረሳ ተመልሶ ይቆማል።

ይህን የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሰው አይነገረውም። መንገድ ሲዘጋ፣ ፍተሻ ሲበዛ፣ የገበሬው በርበሬ ጎተራ ውስጥ ሲቀር፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ የዘይት ዋጋ ሲንር ምን እንደሚመስል በቅርቡ አይተነዋል። ያኔም እንደ አሞሌው ነው፤ መንገዱ ላይ የተከፈለው ሁሉ በመጨረሻ ከድሃው ኪስ ይወጣል። ቅድመ አያቶቻችን ይህን ሒሳብ ያውቁት ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ብዙ ነገር አንጠይቃችሁም። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከዐስር በኋላ አያታችሁ ወይም አንድ የሰፈራችሁ ሽማግሌ ጋ ቁጭ በሉ። ስልካችሁን ለዚህ ተጠቀሙበት። ሣጥኑን አስከፍታችሁ ዕቃውን ፎቶ አንሱ። ከማን እንደተወረሰ፣ ያ ሰው ምን ይነግድ እንደነበር፣ ዓባይን በየት በኩል ይሻገር እንደነበር፣ የት ኬላ ላይ ምን እንደገጠመው ጠይቁ። ድምፃቸውን ቅረጹ። ትልልቆቹ ዝም የሚሉበት ጥያቄ ካለ ዝምታቸውንም አክብራችሁ ልብ በሉት።

ከዚያ በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ የባለቤቱን ስም፣ የመጣበትን ቦታና የነገሯችሁን ታሪክ ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። ችግር ገጥሟችሁ ብትሸጡት እንኳ፣ አንጥረኛ ወይም የጥንት ዕቃ ነጋዴ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀቱ ይጻፍ። ብሩ 23 ግራም ብቻ ነው፤ በየትም ይገኛል። ያንን ብር ዓባይን አሻግሮ ያመጣው ሰው ታሪክ ግን ከናንተ ቤት በቀር የትም የለም።

አላህ ቅድመ አያቶቻችንን ይማርልን፤ መንገዳችንን የሰላም ፍኖት ያድርግልን።

ወላሁ አዕለም።